መርፌ የተሰካባት ቲማቲም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ፣ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ትቆጪዋለሽ? የአባባ ሳልስ ለቀቃቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስልኩን የዘጋሁብሽ ተቀይሜሽ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚሆን ስላልሆነ ነው። ታናሼ "ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ" የሚለውን ዜና በስልኳ ካሳየችሽ፣ ያቺን መርፌ የተሰካባትን ቲማቲም ካየሽ ወዲህ፣ ቲማቲም እቤቴ አይገባም ብለሻል። አባባ ከራሳቸው ዘር ያፈሉትን ችግኝ እንኳ ፍሬ ሳይዝ እነቅለዋለሁ ስላልሽ አኩርፈው ለብቻቸው ይበላሉ አሉ። በዚህ ላይ "መርፌውን የያዘው እጅ ይቆረጥ!" አልሽኝ።

እማዬ፣ ቲማቲሟን ከምሠራበት ቢሮ ማዶ ካለችው አትክልት ሻጭ፣ ከሌሎች ጋር በዘንቢል የገዛኋት እኔ ነኝ።

የጋዜጣውን ፎቶ ክፍል እንደማጸዳ ታውቂያለሽ። ፎቶ አንሺው መርፌ የሚይዝለት ሰው አጥቶ ጠራኝ። ነጩ ጓንት አልገባ አለኝ፤ የእናንተን ወገን መዳፍ ታውቂው የለ፣ አካፋ ነው። በባዶ እጄ ያዝኩለት። መርፌው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። በማግስቱ ጋዜጣውን ሳይ ግን ደነገጥኩ፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ የእኔዋ ቲማቲም ሰው የምትበላ መስላለች። በሳምንቱ ደግሞ "ረሃብን የሚያጠፋ ዘር" የሚል ዜና መጣና፣ ፎቶ አንሺው ከዚያው ዘንቢል የተረፉትን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ መብራት ለቀቀባቸው። መልአክ መሰሉልሽ! ሁለቱንም ዜና የጻፈችውን ልጅ፣ የተለወጠውን ቲማቲም አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ ብላት፣ "በዓይኔም አላየሁት" አለችኝ። የተረፉትንም በሽንኩርት ከትፈን አብረን በላናቸው።

ዘሩ ይጥቀም ይጉዳ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ። ግን አንዲት የዘንቢል ቲማቲም ይህን ሁሉ አገር ተሻግራ እናትና አባቴን ማዕድ ስትለያይ ሳስብ፣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ቁጭ አልኩ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለአክስቴ ሰላም በይልኝ፤ ለታናሼም እንደዚሁ፣ ያየችውን ሁሉ አትመን።

ፎቶውንም እንደገና ታሳይሽ። አውራ ጣቱን ልብ ብለሽ እዪው። ማጭድ የቆረጠኝ ቀን የቀሚስሽን ጫፍ ቀደሽ ያሰርሽልኝ ጠባሳ እዚያው አለ። እርግማንሽን አንሺልኝ፣ ችግኙንም ተዪላቸው።

እጇ እስካሁን ያልተቆረጠ ልጅሽ
ከፎቶ ክፍሉ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ጥቅምት ፲፪