አምስት መቶ ሰዓት ለሚጠይቁት ካፒቴን፣ ከሻንጣ መዛኙ አብራሪ

ለተከበሩ ካፒቴን ንዴሪቱ ዋቺራ
የአነስተኛ አውሮፕላኖች አከራይ ድርጅት ዋና አብራሪ
ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፤

የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎ ጤና፣ ከመስኮትዎ ሥር የምትቆመው የነጭ መኪናዎም ጤና ሳይቀር እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከዚያው መስኮት ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ፣ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ መንገደኛና ሻንጣ እየመዘንኩ ደኅና ነኝ። በየቀኑ እየተያየን ደብዳቤ መጻፌ ሊገርምዎት ይችላል፤ ሆኖም በአሥራ አራት ወር ውስጥ “አንተ መዛኝ” ከማለት በቀር ስሜን ጠርተውኝ ስለማያውቁ ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ ነው። ኪብየጎን እባላለሁ። የንግድ በረራ ፈቃድ አለኝ፤ የበረራ ሰዓቴም ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ማመልከቻዎቼ ቢሮዎ ሲገቡ እንጂ ሲወጡ ስላላየሁ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ) “ለጀማሪ አብራሪ” ብለው ባወጡት ማስታወቂያ ላይ አምስት መቶ የበረራ ሰዓት ስለጠየቁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዋና ካልቻልክ ውኃ አትግባ፣ ውኃ ካልገባህ ዋና አትለምድም የሚለውን ነገር በልጅነቴ ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ የቅጥር መመሪያ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

2ኛ) ማመልከቻዬን ይዤ ከአንዱ አውሮፕላን መጠለያ ወደ ሌላው ስዞር፣ ጫማዬ ተበልቶ እርስዎ ዘንድ ስደርስ፣ “ሚዛኑ ላይ ቆመህ መዝን፤ የአብራሪ ወንበር ሲለቀቅ ቅርብ ትሆናለህ” ብለው በአባታዊ አንደበት መክረውኛል። እውነትዎን ነው፣ ቅርብ ነበርኩ። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ተለቀቀ፤ አንዴ ለወንድምዎ ልጅ፣ አንዴ ለባለቤትዎ ወንድም። የሁለቱንም ሻንጣ የመዘንኩት እኔ ነኝ። ዘመድ አዝማድዎን እንዲህ የሚወዱ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

3ኛ) ይህኛው ቅሬታ እንኳ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። ለሌላ ሰው የምነግርበት ፊት ስላጣሁ እርስዎን ላስቸግር።

እኔን በረራ ትምህርት ቤት ያስገባኝ መንደሬ ነው። ካፕሶየት ውስጥ ሃራምቤ የሚሉት የመዋጮ ስብሰባ ተጠራና፣ ጊደር ያለው ጊደር ሸጦ፣ በቆሎ ያለው በቆሎ ሸጦ አዋጣልኝ። ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ ሲሉ ይህንኑ ነው። ታዲያ ፈቃዴን ያገኘሁ ዕለት “ካፒቴን” ብለው ጠሩኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ስልክ ደውለው “ዛሬ የት ነህ?” ሲሉኝ፣ ቀና ብዬ የበረራ ሰሌዳዎን አነብና “ሎድዋር ነኝ” እላለሁ። እናቴ በሰማይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ሁሉ ሻሿን እያውለበለበች ሰላም ትላለች። “አየኸኝ ወይ?” ትለኛለች። “አይቼሻለሁ” እላታለሁ። የጉድ አገር ገንፎ እያደር ይፋጃል ይባላል፤ የእኔው ባለፈው ማክሰኞ ፈጀኝ።

የዚያን ቀን አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ጡረተኛ መምህራንን ወደ ሎድዋር ሊወስድ አውሮፕላንዎን ተከራይቶ ነበር። ከተሰለፉት መካከል ኮጎ ታፕራንዲች ነበሩ፤ ኮጎ በእኛ አያት ማለት ነው። እጄን ይዘው ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ፣ ያንን ሃራምቤም የጠሩት እሳቸው ናቸው። በእጃቸው የረጋ ወተት የሞላ ቅል ይዘዋል። በእኛ ዘንድ ሮጦ አሸንፎ የተመለሰ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው በዚህ ቅል ነው የሚቀበሉት፤ ለማን እንዳመጡት ማንም አልነገረኝም፣ ገባኝ።

አዩኝና ፊታቸው በራ። ሊጠሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እኔ ቀደም ብዬ ለማላውቀው መንገደኛ በምናገርበት ድምፅ “እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ” አልኳቸው።

ወይ ውርደት! ምድር ተከፍታ አልዋጠችኝም እንጂ ለምኛት ነበር። ሰደርያውን አዩ፣ ሚዛኑን አዩ፣ ቀጥለው ዓይኔን አዩ። “ታፕራንዲች ኮስጌይ እባላለሁ፣ ልጄ” አሉኝ፤ እንደማያውቁኝ ሆነው፣ ገመናዬን ሸፍነው። ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ደንቡ ነውና “ታፕራንዲች ኮስጌይ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ!” ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩ።

ያኔ እርስዎ መጡ። ላስታውስዎት፦ “ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው? አንተ መዛኝ፣ አውጣልኝ ይሄን!” ነበር ያሉት።

“ለልጃችን ነበር ያመጣሁት” አሉ ኮጎ። “እዚህ ካፒቴን ነው፤ ዛሬ የለም መሰለኝ። ለእርስዎ ልስጥዎት?”

“እኔ ለሆዴ እፈራለሁ፣ እማማ” ብለው ሳቁ።

ኮጎ ወደ እኔ ዞሩ። “እንግዲያው አንተ ጠጣው፣ ልጄ። ቆመህ ነው የምትውለው፤ ይርብሃል።”

ከነዳጅ መኪናው ጀርባ ሄጄ እያለቀስኩ ጠጣሁት። አላፍርም እንዳልል አፍሬ ነው የሞትኩት፤ የአሸናፊን ወተት በውሸት ጠጣሁ።

4ኛ) በፊታችን እሁድ ካፕሶየት ሁለተኛ ሃራምቤ ተጠርቷል። ጄሮቲች የምትባል የጎረቤታችን ልጅ ፈተናውን በአንደኝነት ስላለፈች በረራ ትማር ተብሏል። “ለኪብየጎን ሆኖለት የለ?” ነው ምክንያታቸው። የክብር እንግዳው እኔ ነኝ፤ የአብራሪ ልብሴን ለብሼ መድረክ ላይ እንድቆም ነው የተጠራሁት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄኔ ነው፤ ጊደሩ ሁሉ የሚሸጠው እኔን በማመን ነው።

ሐሙስ ዕለት ኮጎ ከሎድዋር ደወሉልኝ። “እሁድ ትመጣለህ?” አሉኝ። “እመጣለሁ” አልኩ። “ምን ለብሰህ?” የለበስኩትን ሰደርያ ቁልቁል አየሁ። “እኔ ለማንም አልናገርም” አሉኝ፤ “አፍ ያለህ አንተ ነህ።”

ስለዚህ ክቡር ካፒቴን፣ የዚህ ሁሉ ሐተታ መደምደሚያ አንዲት ትንሽ ልመና ናት። የድርጅቱ ንብረት ከግቢ እንዳይወጣ የሚከለክለው ደንብዎ ለአንድ እሁድ ይነሣልኝና ሰደርያዬን ለብሼ ካፕሶየት ልሂድ። ሕዝቤ ፊት የምቆመው እሱን ለብሼ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎቼ ቢፈልጉ ይስደቡኝ፣ ቢፈልጉ ያባርሩኝ፤ ገንዘባቸውን ግን ዓይናቸውን ከፍተው ይስጡ።

እስከ ዛሬ ሻንጣ እንጂ አውሮፕላን ለማንሳት ያልታደለው፣ ለቸርነትዎ ዘወትር እጅ የሚነሣው፣
ኪብየጎን ቼሩታይች

ማሳሰቢያ፦ ከሕዝቡ በፊት እውነቱን ለጄሮቲች በስልክ ነገርኳት። ስለ አምስት መቶው ሰዓት፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ዘመዶችዎ ሁሉንም። “እሺ፣ መብረሩ ራሱ ግን ደስ ይላል?” ብላ ጠየቀችኝ። ይህችን ልጅ ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም፤ “በጣም” አልኳት። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ በርዎ ላይ ትቆማለች፤ እሷ ደግሞ፣ ክቡር ካፒቴን፣ እንደ እኔ አፍራ ዝም የምትል አይደለችም።