«ከታች ውሃ ያስገባብኛል»

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬም ስልኬ ላይ «የጀልባ ጥገና ባህር ዳር» ብዬ ፈለግሁ። ለአባባ የጀልባ ጥገና የሠራሁት ዌብሳይት ከውጤቶቹ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለም፣ ሁለተኛውም ላይ የለም። ባለፈው ወር ፍለጋ ላይ እንድንወጣ ብዬ «ጀልባ» የሚለውን ቃል በየመስመሩ ስደጋግም ከረምሁ። ርእሱንም «ዘመናዊ የውሃ ትራንስፖርት መፍትሔ» ብዬዋለሁ። አሁን ሳየው አፈርሁ። አባባ ግን ሥራ ፈተው ሲውሉ ዝም ብዬ አላይም።

ጠዋት አባባ ጀልባ ወደሚሠሩበት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ መጥቶ ነበር። አባባ መዶሻቸውን ሳያነሡ ቁጭ ብለው አዳመጡት። ልማዳቸው ነው፤ ባለቤቱ ተናግሮ ሳይጨርስ እንጨቱን አይነኩም።

«ከታች ውሃ ያስገባብኛል» አለ ሰውየው። «ዓሣውን ትቼ ውሃ ስጨልፍ ነው የምውል። ማን ይደፍንልኛል ብዬ ስጠይቅ ወደ እርስዎ ላኩኝ።»

ደብተሬን አውጥቼ ቃል በቃል ጻፍሁት።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አሉኝ አባባ።

«ሰው እኛን ሲፈልግ የሚለውን።»

«ይኸንንማ ሠላሳ ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»



ከዙሁር ሶላት በኋላ ያን ርእስ አጥፍቼ «ጀልባዎ ውሃ ያስገባል? ባህር ዳር ላይ እንደፍናለን» ብዬ ጻፍሁ። የተደጋገመውንም «ጀልባ» ሁሉ ሰረዝሁት። አመሻሽ ላይ ደግሜ ፈለግሁ፤ ገና አልወጣንም። ይሁን። ነገ ደብተሬን ይዤ አባባ አጠገብ እቀመጣለሁ። እኔም እንደሳቸው፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አንድ ቃል አልጽፍም።