የጓድ ጌትነት ስእለት

ጎርጎራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

እኅቴን ልጠይቅ ከባሕር ዳር በመርከብ መጥቻለሁ፤ ዛሬ ከእሷ ጋር የድሮውን የነገሥታት ግንብ ፍርስራሽ ለማየት በጀልባ ሄድን። ጀልባው ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? የፋብሪካችንን ካድሬ፣ ጓድ ጌትነትን! ሚስቱን ይዞ ሊዝናና መጥቷል። «ልጇን ክርስትና አስነሣች» ብሎ በውይይት ክበብ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁሞ ግለሂስ ያስደረገኝ እሱ ነው። «አድኃሪ» ሲለኝ አብረውኝ የሚበሉት ሳይቀሩ አጨበጨቡ። አልረሳሁትም።

ግንቡን አይተን ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያንገላታት ጓድ ጌትነት የሚስቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ ጮኸ፦ «ቅዱስ ሚካኤል፣ በቀንህ ለባሕር አትስጠኝ! ብታወጣኝ ጥላ አስገባልሃለሁ!»

እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ሳቄ ፍርሃቴን በለጠው።

ወደቡ ላይ ስንወርድ ጠጋ አለኝ። «ጓዲት» ማለቱንም ትቶታል።

«እኅቴ፣ የዛሬው ነገር እዚሁ ይቅር።»

«ኧረ ምን ሰማሁና ጓድ?» አልሁት። ላቡን እየጠረገ ሄደ።

ቃሌ ነው፣ ለማንም አልናገርም። ባሕር ዳር እንደ ተመለስሁ ግን ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ እገዛለሁ። የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት ለደብራችን ቄስ እሰጥና፣ «ከጓድ ጌትነት፣ ከፋብሪካው ነው» እላቸዋለሁ። ስእለት ያስገባ ሰው ስሙ በዐውደ ምሕረት ጮክ ተብሎ ይነገራል። ያጨበጨበው ሠራተኛ ግማሹ ተደብቆ የሚያስቀድሰውም እዚያው ነው።

ያን ቀን መጀመሪያ እልል የምለው እኔ ነኝ።