ባዶውን የሚመለሰው ጋሪ

ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኔና ልጄ ደህና ነን፤ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም።

ባለቤቴ አደን ጀምሯል። የበያጅ እጅ መቼ ያርፋል፣ ከአሮጌ ብረትና ከሁለት ጎማ ጋሪ ሠርቶ ብስክሌቱ ላይ ቀጠለው። «ሚዳቋ ተሸክሜ ወገቤ ከሚቆረጥ ጎማው ይሸከምልኝ» ሲል እኔም ሳቅሁ።

የአዳኝ ጋሪ ባዶ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል አይደል? የእሱ ግን በሸራ ተሸፍኖ፣ ጎማው በክብደት ተኝቶ ይሄድና ባዶውን እየተንገጫገጨ ይመጣል። «ምን ቀናህ?» ስለው «አመለጠኝ» ይላል። ሸራው ላይ የደም ጠብታ አይቼ አላውቅም። ጠመንጃው ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቧራ ጠጥቶ ቆሟል። ካፖርቱን ፈልጌ ሳጣው «ጫካው ይበርዳል» አለኝ። መበየጃውም ከቤት የለም። እሱም በርዶት ይሆናል!

ዛሬ ጠዋት የልጃችንን አልጋ በሜትር ሲለካ ደረስኩበት። «ጋሪውን ላሰፋው አስቤ ነው» አለና ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ልጅቷም ደስ ብሏት፣ «እማዬ፣ አባዬ አደን ሊወስደኝ ነው፤ አትንገሪ ብሎኛል» አለችኝ።

ምሳ ሊበላ ሲገባ፣ ጋሪውን ከብስክሌቱ የሚያያይዘውን ብሎን ፈታሁት። አሁን ጓሮ ሆኖ እየፈለገው ነው። «አይተሻል?» ቢለኝ «አላየሁም» አልኩት። ይህን ስጽፍልህ ብሎኑ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው።

ፈቃድ ካገኘህ ሳትነግረው ብቅ በል፤ ልጅቷ አድጋለች፣ እያት።

ዓይንህን እስካይ በሰላም ያቆይህ።

ታናሽ እህትህ