አልጋዬ ሥር የሚያድረው ሞተር

ሰኞ

ወሰዱት! የታደለን የጥልፍ ማሽን አበዳሪዎቹ ነን ያሉ ሰዎች በጠዋቱ ፒካፕ ላይ ጭነው ሄዱ። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ታደለ ባዶ ሱቁ ውስጥ ተገትሮ ማሽኑ የነበረበትን ወለል ያያል። ሲያናድድ!

ክሩን በዱቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለበዓል ሱቄን የምሞላበት ገንዘብ በሙሉ እሱ እጅ ነው። መያዣዬ ማሽኑ ነበር። ሞኝ አይደለሁማ፣ ማታ ማታ ሞተሩን ፈትቶ እቤቴ ያመጣል፣ ጠዋት መጥቶ ይወስዳል። አልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው። አሁንም እዚያው አለ። ያለ ሞተር ምን ሊሠሩበት ነው? ስቄባቸው ተኛሁ።

ማክሰኞ

አዲሱ ገበያ ያለው አበዳሪ ድርጅት ሄድኩ። የእኔና የታደለ ውል ላይ በሽማግሌነት የፈረሙት ጋሽ ዘውዴ አብረውኝ መጡ፤ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የሚሄዱ ይመስል። "ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመንበታል" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ክራቫት ያሰረው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

"አባባ፣ መዝገቡ ላይ ከሌለ እኛን አይመለከትም።"

ለካ ኮምፒውተር ላይ የመያዣ መዝገብ አለ። ማሽኑን ከነመለያ ቁጥሩ አስመዝግበውታል። ቀድሞ ያስመዘገበ ቀድሞ ይከፈለዋል፣ ለቀጣዩ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ከማበደር በፊት ማንም ገብቶ ማየት ይችላል አለኝ። ማንም! እኔ የማየው አልጋዬ ሥር ነበር።

"ሞተሩም የማሽኑ አካል ነው፣ ያምጡልን" አለ ደግሞ። ድርና ማግ የማይለይ! ሞተር ቀርቶ ብሎን አላመጣለትም። ውሉን ሲፈርሙ ሽማግሌዎቹን ያበላኋቸው ክትፎ ቆጨኝ።

ረቡዕ

ታደለ ላይ ጮህኩበት። ከእነሱ መበደርህን ለምን ደበቅከኝ?

"እትዬ አስናቀች፣ እርስዎ ከሞተሩ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።"

ልመታው ምንም አልቀረኝ። እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ሞተር የሌለው ማሽን የሚሸጠው በብረት ዋጋ ነው። ያችኑ እነሱ ይወስዷታል፣ ለእኔ ሰባራ ሳንቲም አይተርፍም፣ ታደለም ከነዕዳው ይቀራል። ሞተሩን አቅፌ በተኛሁ ቁጥር የማፍነው የራሴን ብር ነው። ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አይ ነጋዴ!

ዓርብ

ሞተሩን በኩርቱ ፌስታል አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ለሞተሩም ሒሳብ አስከፈለኝ፤ እሱም አበዳሪ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለባለክራቫቱ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩለት፣ ወረቀቱ በግራሶ ተበላሸ። ደስ አለኝ። ከዚያ የእኔንም ውል አስመዘገብኩ። ሁለተኛ ነኝ። ሐራጁ ሰኞ ነው፣ ጥሩ ከተሸጠ ይተርፈኛል ይላሉ። ይላሉ ነው እንግዲህ።

ማታ በሩ ተንኳኳ። ታደለ ነው፣ ሞተሩን በሚያመጣበት ሰዓት፣ ባዶ እጁን።

"ምን ፈለግህ?"

"እ... ምንም። ልማድ ሆኖብኝ እግሬ አመጣኝ።"

አሳምሬ ሰደብኩት። ቆሞ ሰማኝ፣ አልሄደም። ስድቡ ሲያልቅብኝ ሽሮ አቀረብኩና አብረን በላን።