ልጄ የምታስተምረው ዮጋ

ሰበታ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትጊዬ፣ የልቤ ማረፊያ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ስለምትቸኩዪ ይህን ጽፌ ለጎረቤታችን ለራህመት ልጅ ለኢናስ ሰጠኋት። ሰኞ ወደ ዱባይ ትበራለች።

የሰው ቤት ሥራ ትቼ ሆቴል ውስጥ ዮጋ አስተምራለሁ ካልሽኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ራህመትን ብጠይቃት «የህንዶች ጸሎት መሰለኝ» አለችኝ፤ ባሰብኝ። ደግሞስ መቼ ተምረሽ ነው አስተማሪ የሆንሽው?

ፉሪ ሰፈር ውስጥ ዕድላዊት የምትባል ልጅ ዮጋ ታስተምራለች ሲሉ ሰማሁና ትናንት በሚኒባስ ሄድኩ። ማተቤ እንዲታይ ከነጠላዬ በላይ አውጥቼ ገባሁ። በዓይኔ ጣዖት ፈለግኩ፤ ያለው ምንጣፍ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ማን አመመኝ አለሽ?»

«አረማመድዎ ያስታውቃል።»

ወንበር ላይ አስቀምጣ እጅ ማንሳትና መተንፈስ አሳየችኝ። አሞኝ ዝም ብል ነቃችብኝና አስቆመችኝ። አንዲት ወጣት እግሯን አንገቷ ላይ ለማድረስ ስትታገል ደግሞ «ተይው፣ እሱ ለፎቶ ነው፤ ላንቺ አይጠቅምሽም» አለቻት።

«ህንድ አገር ነው የተማርሽው?» አልኳት፣ ላጣራ ብዬ።

«ኧረ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ገና እየተማርኩ ነው።»

በዚህ ትንሽ አመንኳት።

ሰዉ ሲወጣ በስልክ የላክሽልኝን ፎቶ አሳየኋት፤ ያንን፣ ነጭ ሳሎን ውስጥ እጆችሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ የቆምሽበትን።

«ልጄ ናት፤ እሷም አስተማሪ ናት። የእውነት ይመስልሻል?»

በጣቷ እያሰፋች ብዙ አየችው። «ልጅዎ ታምራለች» አለች። ከዚያ «እትዬ፣ ክንዷን ምን አቃጠላት? የካውያ ይመስላል» አለችኝ።

ስንት ጊዜ የሳምኩት ፎቶ ነው። እኔ እናትሽ ፈገግታሽን ብቻ ነበር የማየው።

ሌላ አልጠየቅኳትም። አንቺንም ስለ ዮጋው አልጠይቅሽም፤ የሆቴሉንም ስም ተይው። እኔ የፋብሪካ ወለል እየጠረግኩ ነው ያሳደግኩሽ፣ አፍሬበትም አላውቅም። መምጣት ካማረሽ ግን ምክንያት አትፈልጊ፣ ዝም ብለሽ ነይ።

ኢናስ የቃጠሎ ቅባት ይዛልሻለች። ክንድሽን አሳዪያት፤ ያየችውን ትንገረኝ።

እመቤታችን በሰው አገር ትከልልሽ፣ በሰላም ታግባሽ።

እናትሽ ማሪቱ