ከኡኬ በየጠዋቱ የሚነበበው ስድስት አሃዝ

ለማኅደርና መዝገብ አገልግሎት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ኢቢሳ ታፋ
ነቀምቴ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የተሰጠኝን ማስጠንቀቂያ ስለመቀበሌ፣ የሟች ባልደረባችን የሊሊሴ ኩማ መለያ የሚዘጋበት ቀን በሦስት ቀን እንዲራዘምና ኡኬ ሄደን ለቅሶ እንድንደርስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በማዕከሉ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞም መቅረብ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ባልደረባዬ ፌኔት እየተረጎመችልኝ ነው፣ ነገ ይደርሳል። ሐዘን ግን አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ነው የሚወጣልኝ፤ በዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ሥራዬን ክቡርነትዎ ያውቁታል። «ኮምፒውተሬ ሞተ» ተብዬ እሮጣለሁ፤ ስደርስ ሶኬቱ ተነቅሎ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶበታል። ካውያም ቴሌቪዥንም ይመጣልኛል፤ ባለፈው ክረምት የአንድ ባለጉዳይ የእጅ ሰዓት ጠግኛለሁ። ስሜ ነብዩ ስለሆነም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር መቼ እንደሚመለስ ትንቢት ተናገር እባላለሁ። ቀልዱን የጀመረችው ሊሊሴ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ሌላ ሰው ሲለው አያስቀኝም።

2. ሊሊሴ የመዝገብ ክፍላችን ኃላፊ ሆና ስትሠራ መስከረም 27 ቀን አረፈች። ማኅደር ወጪ የሚሆነው በእሷ የኮምፒውተር መለያ ሲጸድቅ ብቻ ነበር። መለያዋ ደግሞ የሚከፈተው በየጠዋቱ ወደ ስልኳ በሚላክ ስድስት አሃዝ ቁጥር ነው። በታመመች ጊዜ ሌላ አጽዳቂ እንዲሰየም ማሳሰብ የኔ ፋንታ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኔ ግን ይህን መጠየቅ የሞቷን ቀን መቁረጥ መስሎኝ ዝም አልኩ።

3. በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ባለጉዳይ በረንዳውን ሞላው። ስልኳ ቤተሰቧ ባሉበት ኡኬ፣ እናቷ አዴ የሺአረግ እጅ ነበር። ደወልኩ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ከኋላ ለቅሶ ይሰማኛል። እኔም «አዴ፣ መልእክት ገብቷል፣ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። መነጽር አስመጥተው አንድ በአንድ አነበቡልኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እንኳ ያልኩት ቁጥሩን ከተቀበልኩ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት የዘመቻ ሥራ አለ ብለን ማናችንም ለቅሶ አልደረስንም፤ ማዕከሉ እስከ ዛሬም አልደረሰም።

4. ከዚያ ወዲህ በየሥራ ቀኑ ከጠዋቱ 2፡30 እደውላለሁ። «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፣ ቁጥሩን ያነባሉ፣ ቁርስ መብላቴን ሳያረጋግጡ ስልኩን አይዘጉም። በኅዳር ወር አንድ እሁድ ብቻዬን ኡኬ ሄድኩ። ለካ ቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ የለም! በየጠዋቱ ከጓሮ ያለውን ዳገት ወጥተው ነው የሚጠብቁኝ። ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ አላባራ ሲል ስልኩን በነጠላቸው ሸፍነው እሳቸው ይበሰብሱ ነበር። አፈርኩ። ይህን ነገር አስቆማለሁ ብዬ ማልኩ።

5. የማጽደቅ ፈቃዱ ጥር 5 ቀን ለባልደረባችን ለአቶ ፊራኦል ተሰጠ። በዚያው ዕለት ደስ ብሎኝ ደወልኩና «አዴ፣ ከነገ ጀምሮ አናስቸግርዎትም» አልኳቸው። እርሳቸው ግን «ስድስቱን ዘጠኝ እያልኩ ስላነበብኩ ነው?» አሉኝ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ተሳስተው ሲስተሙ ለአንድ ሰዓት ተቆልፎ ነበር። ባለጉዳይ በእኔ ላይ ጮኸ፣ እኔም በእርሳቸው ላይ። «ዓይንዎን ከፍተው ያንብቡ እንጂ!» ብያቸዋለሁ፤ ልጃቸውን የቀበሩ ሴት! ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ይዘውት ኖረዋል። «ከእንግዲህ አልሳሳትም፣ የልጄን ሥራ አታስቀሩብኝ» ሲሉኝ፣ «የለም፣ ነገም እደውላለሁ» አልኩ።

6. እናም ደወልኩ። በጥር 16ቱ ማስጠንቀቂያ «ያለ ሥራ በሟች መለያ ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል» የተባለው እውነት ነው። ቁጥሩን እቀበላለሁ፣ መለያውን እከፍታለሁ፣ አንድም ማኅደር ሳልነካ እዘጋለሁ። ጥፋት ነው። ፈርሜ ተቀብያለሁ፣ ክርክር የለኝም።

ስለዚህ ቁጥሩ በድንገት እንዳይቋረጥባቸው መለያው ዓርብ ጥር 23 ቀን እንዲዘጋ የተላለፈው ትእዛዝ እስከ ሰኞ ጥር 26 ቀን እንዲቆይልኝ አመለክታለሁ። ቅዳሜ ክቡርነትዎ ባሉበት ሠራተኛው በማዕከሉ መኪና ኡኬ ሄዶ ለቅሶውን እንዲደርስ፣ ቁጥር ማንበቡ የሚቆመው በአዴ የሺአረግ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ከሦስት ወር በላይ ይህን ማዕከል ያሠሩት እርሳቸው እንደሆኑ በአንደበትዎ እንዲነግሩልኝ አፈር ስሆን እለምናለሁ። እኔ ብቻዬን ብነግራቸው አያምኑኝም፤ የጮህኩባቸው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ነብዩ ሠርፀ
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
(ፊርማ)